የምጽላል ጥቁር ድንጋይ

ወልደገሪማ አራት ቀን ሙሉ ሲጠርበው የከረመው ጥቁር ድንጋይ ዓርብ ጠዋት ለሁለት ተገመሰበት። ውስጡ የተደበቀ ስንጥቅ ነበረው። አልተሳደበም፤ ስድብም ጉልበት ይፈልጋል። መዶሻውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሁለቱን ግማሾች ሲያይ ቆየ።

በመንደሩ ሙሽራ ስትሄድ የራሷ የወፍጮ ድንጋይ አብሯት ይሄዳል። የሌላት አማቷ ፈጭታ እስክትጨርስ ቆማ ትጠብቃለች፤ እንደቆመችም ትቀራለች። ድንጋዩ የታሰበላት የጎረቤቱ የምጽላል ልጅ፣ ለተኪሮስ የምትባለው፣ ደግሞ የምትዳረው እሁድ ነው። ጥቁሩ ያለበት ኮረብታ ደርሶ መልስ አንድ ቀን ይፈጃል፤ መጥረቡ ሌላ አራት ቀን።

ቀዩ አሸዋ ድንጋይ ግን ደጁ ላይ ነው። አባቱ፣ «ይሄን ውሃ እየደራረበ ያነጠፈው ነው፤ ያኛውን እሳት ያቀለጠው» ይለው ነበር። ቀዩን በንጣፉ ከመቱት እንደ ቂጣ ይነሳል፤ በግማሽ ቀን ቅርጽ ይይዛል። ጉዱ የሚመጣው ሲፈጩበት ነው። እህሉን የሚነክሰው የራሱን አሸዋ እያራገፈ ነው፤ አሸዋውም ከዱቄቱ ጋር ይበላል። ጥቁሩ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይነክሳል እንጂ ከራሱ ምንም አይሰጥም።

ይህን ሁሉ እያወቀ ቀዩን ጠረበ። የወሰነው የደከመ ክንዱ ነው ማለት ይቻላል።

አመሻሹ ላይ ምጽላል መጣች።

«ቀይ ነው እኮ!»

«የታችኛው ንጣፍ ነው። ጥብቅ ነው፤ አሸዋ አይጥልም።»

«አይጥልም?»

«አልኩሽ እኮ።»

ከነጠላዋ ጫፍ የተቆላ ገብስ ፈታች፤ ተንበርክካም አንድ እፍኝ ፈጨች። የሙሽራ እናት ዱቄቱን አፏ ውስጥ አድርጋ በጥርሷ ማዳመጥ አለባት። ወልደገሪማም የተማመነው በዚሁ ነበር፤ ምጽላል የቀሯት ጥርሶች ሁለት ናቸው።

ዱቄቱን ወደ እሱ ዘረጋችለት። «እንካ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? የእኔዎቹ ሁለቱ ተኳርፈው አይገናኙም። ጥርስ ያለህ አንተ።»

ቃመው። አኘከው። ጥርሱ መሃል ቅርጭ፣ ቅርጭ አለ። ውጦ ዝም ማለት ይችል ነበር። ለመዋሸትም ደከመው።

«አሸዋ አለው» አለ። «ጥቁሩ ተሰበረብኝ፣ ምጽላል። ኮረብታውን እንደገና የምወጣበት ጉልበት የለኝም።»

«መጀመሪያ ብትናገር ምን ነበረበት? አንበርክከህ ታስፈጨኛለህ! የእኔስ ጉልበት የብረት መሰለህ?» ዱቄቱን ከእጇ አራገፈች። «ቀዩን ለእኔ ተወው» አለች። «ድድ አሸዋ አያዳምጥም። የእኔን ጥቁር ለተኪሮስ ትውሰደው። ለስልሶ መስታወት ሆኗል፤ እንዲነክስ ውቀርላት።»

ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ ሄደ። ድንጋዩን ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ለምጽላል ሠርግ የጠረበው ራሱ ነው። መሃሉ ጎድጉዷል፤ ውፍረቱ ግን ገና አላለቀም። ባልተፈጨበት በሥሩ በኩል እጁን ሰደደ። የጥንቱ የመሮ ምት ጥልቅና እኩል ነበር።

«ይሄን የጠረበ ሰው የት ገባ?» አለ።

«እሱማ ጎረምሳ ነው፤ በጠዋት ወጥቷል» አለች ምጽላል። «አንተ ጀምር፤ አንድ ዋንጫ ስዋ አመጣልሃለሁ።»

ተቀምጦ መሮውን ደቀነ። ድንጋዩ እንደ ደወል ጮኸ። ጥቂት መታ፣ ክንዱን አሳረፈ፣ ደግሞ መታ።