የጋሼ ሄሎ ቀይ ነጥብ

ስሙኝማ! ይቺን ታሪክ ዛሬ ካልነገርኳችሁ እንቅልፍም አይወስደኝ። ስለ አጎቴ ናት። ትምህርቴ ከስድስተኛ ስላላለፈ አጻጻፌ ቢንጋደድ እለፉኝ፤ ነገሩን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት።

አጎቴን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ ሄሎ» ነው የሚለው። ሞንታርቦ ያከራያል። ሰርግም ይሁን ስብሰባ፣ ሁለቱን ትላልቅ ድምፅ ማጉያዎች በጋሪ ጭኖ ይሄዳል፣ ሽቦውን ይዘረጋል፣ ከዛ ማይኩን ይይዝና «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» ይላል። ሚስቱንም የጠየቃት «ሄሎ፣ ይሰማል?» ብሎ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ከወንዝ ማዶ የመጣች ናት። ያሳደጉኝም እነሱ ናቸው።

ምርጫ ሲደርስ እሁድ እሁድ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ያለው አደባባይ ለፓርቲዎች ይሰጣል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት። ሞንታርቦው ለሁሉም ያው የአጎቴ ነው። መጀመሪያ ሁለት ፓርቲዎች ነበሩ፦ የትልቁ ፓርቲ ሰውዬ፣ ቦርጫሙ፣ እና አምስተኛ ክፍል ያስተማረችኝ መምህሯ። ሁለቱ «የሷን አስጮህከው»፣ «የኔን አፈንከው» እያሉ አጎቴን ሊያሳብዱት ሆነ። እትዬ ታዲያ ቀይ የጥፍር ቀለሟን ይዛ መጣችና ድምፅ መጨመሪያዋ ቁልፍ ላይ አንዲት ነጥብ ጠብ አደረገች።

«ነጥቧ ቀጥ ብላ ሰማይ ሰማይ ካየች ልክ ነው» አለቻቸው። «ካጋደለች ባሌን ከነሽቦው ውሰዱት።»

ሳቁና ታረቁ። ከዛ ወዲህ ማንም ሲመጣ መጀመሪያ ነጥቧን አይቶ ነው ማይክ የሚጨብጠው።

በኋላ ጊዜው ከፋ። የክር ፋብሪካው ተዘጋ፤ እኔም እዛው ነበርኩ፣ አብሬ ወጣሁ። ላይ ያለው መንግሥት በአንድ ዓመት ሦስቴ ተቀየረ። ሰው ምክር ቤት የሚባል ነገር ሲሰማ ሬድዮውን ያጠፋል። በቃ፣ ሁሉም ሰልችቶታል።

በዚህ መሀል ነው ሽቶ የመጣው። ከመድረሱ በፊት ሽታው ስለሚደርስ ነው እንደዛ ያልነው። «ቤታችን» የሚባል ፓርቲ አለኝ ብሎ አራት ሰው አስከትሎ መጣ፤ አንዱ እንኳን ከፀሐይ ሊጠለል የቆመ ነበር። ሽቶ ጠረጴዛ ላይ ወጣና እጁን እያወናጨፈ ሲጮህ አደባባዩ በሳቅ ሞተ።

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ጨምርልኝ!» አለው አጎቴን።

አጎቴም እየሳቀ ቁልፏን ወደ ቀኝ አዞራት። ነጥቧ አጋደለች።

«እንዴ፣ አለፍክ እኮ» አለችው እትዬ።

«ይሰሙት! ራሱን በራሱ ያዋርዳል። ለሳቅ ነው።»

«ለሳቅም ቢሆን» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን በሦስተኛው እሁድ ሽቶ «ፋብሪካውን ማን ዘጋው? እናንተን ማን ረሳችሁ?» ሲል እጄ ራሱ አጨበጨበ። ማንም እንደዛ ብሎ ጠይቆን አያውቅማ! አጎቴ ነጥቧን ሊመልስ ቢሞክር ሽቶ «ባለፈው አድርገህልኝ የለ? ዛሬ ምን ተገኘ?» ይለዋል። ሕዝቡም «ጨምር! ጨምር!» ይላል። የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ቦርጫሙና መምህሯ ቢሰማሙ ኖሮ እኮ ያኔ ይበቃው ነበር። እነሱ ግን እርስ በርስ ይነካከሳሉ። ቦርጫሙ መምህሯን ለማሸነፍ ብሎ ሽቶን አስጠጋው። «እኔ ቤት ከገባ ይለዝባል፣ እኔ እይዘዋለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፓርቲው ውስጥ አስገባውና ምክትሉ አደረገው። በሚቀጥለው የምክር ቤት ምርጫ ሽቶ ቦርጫሙን ራሱን ጠርጎ አወጣው። ማንም ካርድ አልሰረቀም፣ በደንብ ተቆጥሮ ነው ያሸነፈው። እኔም መርጬዋለሁ። ይኸው ተናገርኩ።

ፋብሪካው አልተከፈተም። ሽቶ ስለሱ ማውራት ተወና ስለ ወንዝ ማዶ ሰዎች ጀመረ። «እንግዶች ናቸው» አለ። «እንግዳ ደሞ ሲበቃው ዕቃውን ይሸክፋል።»

ያን ቀን እትዬ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ከአደባባዩ እስከ ቤታችን ቃል በቃል ይሰማል። አጎቴ ማታ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ቀና ብሎ አላያትም።

«ድምፁ ጥርት ያለ ነው» አለችው ቀስ ብላ። «ጥሩ ዕቃ ነው ያለህ።»

ሰድባው ቢሆን ይሻለው ነበር። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠ።

የከተማው ምርጫ ሲደርስ መምህሯ ልትወዳደር ተመዘገበች። ከወንዝ ማዶ ለመጡት የምትናገር እሷ ብቻ ነበረች። የምትናገርበት እሁድ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሽቶ ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ። ሽታው ቀድሞት ገብቷል።

«ጋሼ፣ ክፉ አላስብብህም» አለው። «እሁድ ብቻ ዕቃው ተበላሸ በል። ዕቃ ይበላሻል አይደል?»

«የኔ አይበላሽም።»

«እንግዲያው ፈቃድህ ይበላሻል» አለና ወደ እትዬ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። «የእመቤትም የመኖሪያ ወረቀት እንደዛው።»

ሽቶ ሲወጣ እትዬ በሩን ዘጋች። አጎቴ እጁን ጭኑ ላይ ያሻሻል።

«ለኔ ብለህ እንዳትተወው» አለችው እትዬ።

«ላንቺ ብዬ ዕቃውን ባወጣስ?»

«እሱን አስብበት።»

እሁድ ጠዋት ጋሪውን እየገፋ ወጣ። ሽቦውን ዘረጋ፣ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?» አለ። ከዛ ጎንበስ ብሎ ቁልፏን አዞረ። ነጥቧ ቀጥ ብላ ሰማይ አየች። አላሳነሰም፣ አላበዛም። መምህሯ መናገር ጀመረች። ከሰፈራችን የሚበዛው ሰው በየደጁ ቆሞ ነበር የሚሰማው፤ እትዬ ግን ወንበሯን ይዛ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ።

ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ሁለት ጎረምሶች መጥተው ሽቦውን መዘዙት። ሞንታርቦውን መኪና ላይ ሲጭኑ አጎቴ አልታገላቸውም። ቁልፏን ብቻ ፈልቀቅ አድርጎ ኪሱ ከተታት። መምህሯ በባዶ ድምፅ ቀጠለች። ለመስማት የፈለገ መጠጋት ነበረበት። አሥራ አንድ ሰው ተጠጋ፣ ቆጥሬያለሁ።

ፈቃዱ ተሰረዘ። አሁን ቤት ውስጥ ሬድዮ ይጠግናል። የእትዬ ወረቀት «እየታየ ነው» ይሏታል፤ ልብሷን የያዘች ሻንጣ በር ስር ቆማለች። እሱም የራሱን ሻንጣ አጠገቧ አቁሟል። ቁልፏ መስኮቱ ላይ ናት፤ አንዳንዴ በጣቱ ያዞራትና ነጥቧን ቀጥ ያደርጋታል።

«ያን ቀን ሳልስቅ ብመልሳት ኖሮ» ይላል።

እትዬ «ሬድዮህን ጠግን» ትለዋለች።

እኔ ደሞ ያጨበጨበ እጄን አያለሁ። እናንተስ? «ለሳቅ ነው፣ ለዛሬ ብቻ» ብላችሁ ያሳለፋችሁት ነገር የለም? እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ሰፈር ቁልፏን መጀመሪያ ያዞረው ማን ነበር?