ሦስተኛው ቋጠሮ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጀማል የሂሳብ ወረቀት ይዞ መጣና «እማ፣ የጭነት ድርጅታችን ዘንድሮ ጥሩ አትርፏል፤ ቤቱን አስይዘን ሁለተኛ አይሱዙ እንግዛ» አለኝ። እጄ ሳላዘው መቀነቴን ጨበጠ። ይህንኑ ቃል ድሮም ሰምቼዋለሁ። ያኔ ጀማል ጡት ይጠባ ነበር።

የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ባለቤቴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሽርክና ገብቶ መቻራ ላይ የቡና መፈልፈያ ተክሏል። ሂሳብ ያዡ «ትርፉ ጥሩ ነው» ብሎ ስለጻፈላቸው፣ ጭሮ ሄደው፣ የገለምሶውን ቤታችንን ባንክ አስይዘው ሌላ መፈልፈያ ሊገዙ ነው። እኔም ሀብታም ሆነናል ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቻለሁ።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት ላይ ልጄ በትኩሳት ተቃጠለ። ጀርባዬ ላይ ሆኖ እንደ ፍም ይፋጀኛል። «ጭሮ ሆስፒታል ልውሰደው፤ ብር ስጠኝ» አልኩት ባለቤቴን። ሳጥኑን ከፈተ፤ ባዶ። ኪሱን ፈተሸ፤ የሚኒባስ መሳፈሪያ ብቻ ወጣ።

«ትርፉስ?»

«አንቺ ደግሞ! ቡናውን በዱቤ ነው የሸጥነው። ሲከፍሉን ይመጣል።»

ለልጄ መድኃኒት የማይገዛ ሀብት ምን ዓይነት ሀብት ነው? የክትባት ካርዱ ያለበትን ፌስታል አንጠልጥዬ ሮጥኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ተጭኖ ውሃው በመስኮቱ ይንጠባጠባል። የጫቱ ባለቤት፣ አዴ ሐቢባ የሚባሉ አሮጊት፣ አጠገቤ ነበሩ። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።

«ባልሽ ወረቀት ነው እንዴ የሚበላው? የኔ ጫት እስከ ማታ ካልተሸጠ የፍየል ራት ነው።» መቀነታቸውን አሳዩኝ፤ ሦስት ቋጠሮ አለው። «እዚህ የሚገባው እጄ ላይ የደረሰ ብር ብቻ ነው። አንደኛው ለገበሬው፣ ለጫኚው፣ ለመኪናው። ሁለተኛው ለሚያረጀው፤ ሸራው ይቀደዳል፣ ሚዛኑ ይሰበራል። ከዚያ የተረፈው ሦስተኛው ላይ ነው፤ የኔ የምለው እሱን ነው። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ፣ ኢንተላ፣ ልጄ፣ አተረፍኩ አትበይ።»

ለመድኃኒቱ ከሦስተኛው ፈትተው ሰጡኝ።

ሆስፒታል ደርሼ ፌስታሉን ብከፍት የቤታችን ካርታ ከክትባት ካርዱ ጋር አለ። ለካ ባለቤቴ ለነገው ብሎ እዚያው ከቶት ኖሯል። ካርታውን በልጁ ትራስ ሥር ሸጎጥኩት።

በማግስቱ ባለቤቴ እየጮኸ ገባ። «ካርታውን አምጪ! ጓደኞቼ ባንክ በር ላይ ቆመዋል!»

ልጁ መርፌ ተወግቶ፣ ትኩሳቱ በርዶለት ተኝቷል። መቀነቴን ፈትቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁ። «መጀመሪያ ቁጠርልኝ። ዱቤውን ተወው። እጃችሁ የገባው ምን ያህል ነው?»

ተናደደ፤ ግን በቃል ቆጠረ። ለገበሬው፣ ለሠራተኛው፣ ለናፍጣው ሲያነሳ ብሩ አለቀ። የመፈልፈያው መጠገኛ ገና አልተነሳም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ወላሂ... እና ምን እያልን ነው የከረምነው?»

«ቀጥለን ቤቱን ልንበላው ነበር» አልኩት።

አልፈረመም። ዱቤውን የወሰደው ነጋዴ ጠፋ፤ መፈልፈያው ተሸጠ፤ ቤቱ ግን ቀረልን።

ለጀማልም ያንኑ መቀነት ሦስት ቦታ ቋጥሬ ዘረጋሁለት፤ እጅህ የገባውን ብር ብቻ ክፈል አልኩት። አንደኛውን ሞላ፤ ሁለተኛውን ለጎማና ለሞተር እያለ ሞላ። ለሦስተኛው የተረፈ ብር አልነበረም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «አይሱዙው ይቆይ፣ እማ» አለ።

ካርታው አሁንም ከክትባት ካርዱ ጋር ፌስታሉ ውስጥ ነው። እኔም በዚያው ቤት ነኝ፤ ልጄም ጎኔ አለ። አልሃምዱሊላህ፣ አሁን አልፈራም።