ዶክተር ህሩይ ይሉኝታን ሲለካ

ዝናሽ ትምህርቷን ያቋረጠችው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቷ አልጋ ያዙ፣ ቤቱን የሚያይ ጠፋ። በኋላ ከእንፍራንዝ ጎንደር ገብታ የሰው ቤት ስትጠርግ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ጉልበቷ አለቀ። ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረው ህሩይ ግን ገፋ። ያኔም ቢሆን የመምህሩን ጠመኔ ደብቆ ማን እንደሚጠረጠር ቁጭ ብሎ የሚያይ ልጅ ነበር፤ ዝናሽ አንዴ ተገርፋበታለች። ባሕር ማዶ ተምሮ፣ የሰውን ጠባይ በሙከራ የሚያጠና ዶክተር ሆኖ ተመለሰ። በከተማው እንዲህ ያለ ሥራ የጀመረ ከእሱ በፊት አልነበረም። አዘዞ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራየ፣ ካሜራ ተከለ፣ ዝናሽንም አስጠራት።

«የአገራችን ሰው ለእኔ አይመጣም። ለአንቺ ግን ይመጣል» አላት።

እውነቱን ነበር። የሚያጠናው የዓይንን ነገር እንደሆነ ነገራት፤ ሰው እንጨቶች ያያል፣ የትኛው እንደሚረዝም ተናግሮ ይሄዳል። «ምስሉን ከእኔ በቀር ማንም አያየውም» ሲላትም አመነችው። ይህንኑ ቃል በየቤቱ አደረሰች።

ካመጣቻቸው ሰዎች አንዱ የእንፍራንዙ አያ ገብረ ኪዳን ናቸው። እናቷ የሞቱ ጊዜ ለቅሶውን ቆመው ያስፈጸሙላት፣ እንደ አባት የምታያቸው ሰው። በድንበር የተጣላ፣ በውርስ የተካካደ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፤ አየሁ ካሉ ነገሩ አለቀ።

«ምነው ልጄ፣ ዓይኔ እኮ ገና ሸጋ ነው። ልትድሪኝ ነው የምታስመረምሪኝ?» ብለው እየቀለዱ ገቡ። እሷ ደጅ ቀረች።

ከወራት በኋላ ምስሉን በጎረቤቷ ስልክ አየችው። ህሩይ ለስብሰባ ያቀረበውን አንዱ ቀርጾ ለቆታል። አያ ገብረ ኪዳን ከአንድ አዛውንት ቄስና ከሁለት ልጅ እግር ሰዎች ጋር ተቀምጠዋል። ቄሱ አጭሩን እንጨት «ይሄ ይረዝማል» አሉ። ሁለቱ ተከተሉ። አያ እንጨቱን አዩ፣ ቄሱን አዩ፣ እሳቸውም አጭሩን ጠቆሙ። የአዳራሹ ሰው ሲስቅ ይሰማል፤ ምስሉ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ዝናሽ ኋላ ከሁለቱ አንዱን ጠይቃ ነው ነገሩ የገባት። ቄሱና ሁለቱ ሰዎች እንዲያ እንዲሉ አስቀድሞ ተነግሯቸው ኖሯል። የሚለካው ዓይን ሳይሆን ይሉኝታ ነበር።

በዚያው ሰሞን ዋኘው የሚባል ገበሬ ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቶ አያ ፊት ቀረበ። ነገሩ ወደ ወንድሙ ሲያደላ አየና ሳቀ።

«አያ፣ እንጨት ከእንጨት ያልለዩ ሰው የእኔን ድንበር ሊለዩ ነው? ወይስ ዛሬም ቄስ ይጠራልዎ?»

የተሰበሰበው ሰው መሬት መሬት አየ። አያ መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ለሽምግልና አልተቀመጡም።

ዝናሽ ይህን ስትሰማ ህሩይ ዘንድ ሄደች።

«እንፍራንዝ እንሂድ። ቄሱን ያዘጋጀሃቸው አንተ እንደሆንክ በሰው ፊት ተናገር። ሌላ አልጠይቅህም።»

ህሩይ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም። «ስማቸውን እኮ አልጠራሁም።»

«ፊታቸውን አሳየህ።»

«ዝናሽ፣ ዘዴውን አሁን ካወጣሁት ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ያውቅብኛል። የስንት ዓመት ድካም ነው የሚበላሸው።» የሚያጽናናት መስሎትም፣ «ለአንቺም ያልነገርኩሽ ለዚህ ነው። ብታውቂ ኖሮ ፊትሽ ላይ ይነበብ ነበር» አላት።

«ማመኔ ጠቅሞሃላ።»

«አትቀየሚ። ይልቅ በአይከል በኩል የምታውቂው ሰው አለ?»

የሰጣትን የክፍሎቹን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ ብቻዋን እንፍራንዝ ሄደች። መንደሩን ሰብስባ ልትናገር አስባ ነበር፤ ማን ሊሰበሰብላት። ያገኘቻት ሴት ሁሉ «የወሰድሻቸው አንቺ አይደለሽ?» እያለች አለፈቻት። አያ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ረጅሙን አይቼዋለሁ» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። «የቄሱ ዓይን የፈዘዘ መሰለኝ። እኒያን የሚያህሉ ሰው ከልጅ እግር ፊት ላሳፍር?»

«እኔ አላወቅሁም፣ አያ። በእመቤቴ፣ የዓይን ምርመራ ነው ያለኝ።»

አጠገባቸው ያለውን በርጩማ ወደ እሷ ገፉላት።

«እንዳልሽው ነው፣ ልጄ» አሉ።

አምነዋት ይሁን ሊያሳፍሯት ስላልፈለጉ መለየት አቃታት። ደግማ ብትጠይቃቸውም ያንኑ እንደሚሏት ታውቃለች። ጉልበታቸውን ስማ ወደ መኪናው መንገድ ወረደች።