ቀይ አድርጌ የሳልኋት ሙሽራ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ጥቁሯንም ጠይሟንም ቀይዋንም በየመልኳ አስውቤ የቀሚስ ንድፍ ስለምስል ሰው ያመሰግነኛል። አንባቢዎቼ፣ ምስጋናው ለምን እንደማይገባኝ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ በአንድ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ቀሚስ የምነድፍ እኔ ነበርሁ፤ ደንበኛ ሥዕሉን አይቶ ያዛል። የሻረግ አጠገቤ የምትሰፋ ጓደኛዬ ናት፤ ጥቁር፣ አንገተ ረጅም፣ ሳቂታ። ሽማግሌ ተልኮ ድብ ባሕር ላለ መምህር ታጨች። የሙሽራ ቀሚሱን የሚያሰፋው የወንዱ ወገን ነበርና እናቱ ንድፉን ልየው አሉ። የሻረግም "እኔኑ አስመስለሽ ሳዪው፤ አማቴ በዚያው ይዩኝ" አለችኝ።

ሳልኋት። አንገቷ የእሷ፣ ትከሻዋ የእሷ። ፊቷ ላይ ስደርስ ግን ቀይ አደረግኋት። ማን አዘዘኝ? ማንም። ውለታ የዋልሁላት መስሎኝ ነበር። ጥቁር ፊት ለሙሽራ አይሆንም ብዬ የማምነው እኔው ነበርሁ፤ ያኔ ብትጠይቁኝ ግን እክዳለሁ።

ሠርጉ ሲቃረብ ዝግጅቱን ላግዝ እነየሻረግ ቤት ሳለሁ የሙሽራው አጎት ሥዕሉን ይዘው መጡ። ልጅቷን አዩ፤ ሥዕሉን አዩ።

"ጥቁረቷስ ሸጋ ነው" አሏቸው አባቷን። "ምነው ታዲያ የሌላ ሰው መልክ ላካችሁልን? ይህን የደበቀ ቤት ሌላም የሚደብቀው አያጣም።" ወደ እኔም ዞሩ። "የሳልሽው አንቺ ነሽ አሉ። ማን ቀይ አድርጊያት አለሽ?"

ጋብቻ አፈረሰች ተብዬ ከማኅበሩ እንዳልባረር ፈራሁ። "እሷ ናት" አልሁ። አዎ፣ እኔ አልሁ። የሻረግ አየችኝ፤ ቃል አልተነፈሰችም። ሰውየው ሥዕሉን መደቡ ላይ ትተው ወጡ።

እኔ ወደ ጓዳ ሸሸሁ። እናቷ "ምነው ዝም አልሽ ልጄ? እንዳላልሽ አውቃለሁ" ሲሏት እሰማለሁ።

"እሷ እናት አባት የላትም። ከሥራዋ ብትባረር የት ትወድቃለች? እኔ እናንተ አላችሁኝ" አለች።

ጋብቻው በዚያው ፈረሰ። መልኳን የካደች እያለ ሰፈሩ ሁሉ አማት፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ የላከባት የለም። ይቅርታውን ከእናንተ አልጠይቅም፤ የእሷ ነው። ልጅ ነበርሁ፣ ጨንቆኝ ነበርም አልልም። የሻረግ ያን ስትናገር ሰውየው ገና ከአጥሩ አልራቁም፤ ወጥቼ ብጣራ ይሰሙኝ ነበር። ሰማኋት፤ ከጓዳው ግን አልወጣሁም።