የቀመስኩለት ሻይ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። ስለ ሞቱ የምጽፈው ነገር የለኝም። የምጽፈው ስለ ሻዩ ነው።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። እሱ የሚሠራው ግን አሌክሳንድሪያ በምትባል ጎረቤት ከተማ፣ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሎቢ ውስጥ ነበር። ዴስኩ ላይ ተቀምጦ እንግዳ ይመዘግባል፣ ፓኬጅ ይቀበላል። ከነዋሪዎቹ አንዷ ባልቴት ጃፓናዊት ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ከላይ በትንሽ ሲኒ አረንጓዴ ሻይ ይዘውለት ይወርዳሉ። የእሳቸው እንግሊዝኛ ጥቂት ነው፣ የእሱም ብዙ አይደለም። ስለ ሻይ ብቻ እያወሩ አራት ዓመት ተግባብተው ኖሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ማንቆርቆሪያቸውን ሰጡት፤ እጀታዋ በጎን የወጣ፣ የጡብ ቀለም ያላት፣ ከጭብጥ እምብዛም የማትበልጥ ሸክላ ነች።

የዚያን ሻይ ቅጠል መጀመሪያ ቤት ያመጣ ጊዜ እኔ የማውቀውን አደረግሁ። እሱ ሥራ እያለ ድስት ጣድኩ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨመርኩበት፣ እስኪንተከተክ አፈላሁት፣ ስኳሩንም አበዛሁት። ገብቶ ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ሳቁ አመለጠው።

«ገደልሽው እኮ!» አለኝ። «እኚያ ሴትዮ ቢያዩ ፖሊስ ይጠሩብሽ ነበር።»

ከዚያ አሠራሩን አሳየኝ። ውሃው ይፈላል፣ ግን እንደፈላ ቅጠሉ ላይ አይፈስም። መጀመሪያ ሲኒዎቹ ውስጥ ይቀዳል፤ ሲኒው ጣት ሳያቃጥል መያዝ ሲቻል ነው ወደ ማንቆርቆሪያዋ የሚገለበጠው። መርፌ የመሰለው ቅጠል እስኪፍታታ አባታችን ሆይ ሁለት ጊዜ የሚያስደግም ያህል ይጠበቃል። ሲቀዳም አንዱን ሲኒ ሞልቶ ወደ ሌላው አይኬድም፤ ለዚህ ጥቂት፣ ለዚያ ጥቂት፣ ደግሞ ለዚህ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ። ውሃው ካቃጠለው ወይም ቅጠሉ ከቆየበት ይመርራል።

እኔ አልወደድኩትም። ሣር ቀቅለህ ስታጠጣኝ ላም መሰልኩህ ወይ እለው ነበር። ላምም እንዲህ ያለ ሣር አላገኘች ይለኛል። ለዓመታት እሱ ያንን ሲጠጣ እኔ ቀይ ሻዬን በስኳር ስጠጣ ኖርን።

በኋላ ጉሮሮው ላይ ካንሰር ተገኘበት። ራዲየሽን ሲጀምር ምራቁ ደረቀ፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ጣዕም የሚባል ነገር ከአፉ ጠፋ። የሠራሁለትን ሁሉ ካርቶን እንደሚያኝክ እያኘከ ይተወዋል። ሐኪሙ ጣዕሙ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል አለን። ሐኪሙ ይችላል ያለውን እሱ ይመለሳል ብሎ ያዘው።

«ምላሴ ከተመለሰ እኔም ተመለስኩ ማለት ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ዕጢው ማውራት ትተን ምላሱን መጠበቅ ያዝን። መፈተኛው ሻዩ ሆነ። በርበሬ ጣዕም ለማይሰማውም ሰው ያቃጥላል፤ ይህ ሻይ ግን ከጣዕሙ ሌላ የሚያሰማው ነገር የለውም። እሱ ከሶፋው መነሳት ስላቃተው የማፈላው እኔ ነበርኩ። እናቴ ጠጅ ስትቀዳ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለሰው አትሰጥም ነበር። እኔም እንደዚያው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀምሼ እሰጠዋለሁ። ይጠጣል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ምንም የለም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ምን ምን ይላል?»

«ሣር ሣር ይላል።»

«የምን ሣር? ደረቅ ነው እርጥብ? ደግመሽ ቅመሺ።»

እንዲህ ያለ ጨቅጫቃ ሰው አልነበረም። ደግሜ ቀመስኩ። በየጠዋቱ ደግሜ ቀመስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ መጀመሪያ የሚመጣውን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ መጨረሻ የሚቀረውን ለየሁለት። መጀመሪያ እሸት በቆሎ የተቀቀለበት ውሃ ነው፤ ለስለስ ብሎ ይጣፍጣል። ቀጥሎ የባቄላ ንፍሮ ውሃ ይመስላል፣ ጨው ሳይኖርበት ጨው ያለው። መጨረሻ ላይ ጥርስ ሥር የጌሾ ቅጠል የመሰለች ምሬት ትቀራለች። እኔ ስናገር እሱ ይውጣል። ከምግብ ሁሉ ደህና አድርጎ የሚወስደው ያን ሻይ ነበር። ሻዩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አሁንም ይህ እውቀት አፌ ውስጥ አለ፤ ለማንም አይጠቅምም።

ወራት ሄዱ፣ ጣዕሙ አልመጣም። ልብሱ እየሰፋው ሄደ። ምን ይላል ብሎ መጠየቁንም አሳነሰ።

አንድ ጠዋት ውሃ ጥጄ ሳለ ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ፤ ስካኑን አንከፍልም ብለው ደብዳቤ ልከው ነበር። ጠብቂ ብለው ሆልድ አደረጉኝ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ የካርዱን ቁጥር ስፈልግ፣ የሚንተከተከውን ውሃ ሲኒ ውስጥ ሳላሳርፍ ቀጥታ ቅጠሉ ላይ ገለበጥኩት። በመጨረሻ ካነሳችው ሴትዮ ጋር ስከራከር ግማሽ ሰዓት ሳይሄድ አልቀረም። ስልኩን ስዘጋ ማንቆርቆሪያዋ ለብ ብላለች። ልቤ ከክርክሩ ጋር ስለነበር ሳልቀምስ ቀድቼ ሰጠሁት። ሳልቀምስ የሰጠሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጠጣ። አፌን ልከፍት ስል እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ አትንገሪኝ። ዛሬ እኔ ልንገርሽ» አለ። «መጀመሪያ እሸት በቆሎ ነው። ከዚያ ባቄላ። ጌሾዋም አለች፣ ጥቂት።» ፈገግ አለ። «መጣልኝ መሰለኝ፣ የኔ እመቤት።»

እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ ጉልበቱን አቅፌ አለቀስኩ። እሱ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ እንባዬን ልታጠብ ወደ ኩሽና ገባሁ። አብሬው ልደሰት ብዬ ከማንቆርቆሪያዋ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ።

ኮሶ ነበር። ምላሴ ተኮማተረ። በቆሎም፣ ባቄላም ያለበት ሻይ አልነበረም፤ ጤነኛ ሰው አፉ ውስጥ ሊያቆየው አይችልም። የነገረኝ ሁሉ ለወራት እኔ ስነግረው የኖርኩት ነበር፣ በቅደም ተከተሉ።

ከሳሎን ጠራኝ።

«ድገሚኝ» አለ።

አዲስ ላፍላልህ ማለት ከአፌ ጫፍ ደርሶ ነበር። አዲስ ባፈላ ለምን ይለኛል፤ ለምን ካለኝ መንገር ሊኖርብኝ ነው። ከዚያችው ቀዳሁለት። ዓይኔን እያየ ጠጣው።

ልጃችን በምሳ ሰዓቷ ደውላ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ ዛሬስ እንዴት ነው አለችኝ። ጣዕሙ ተመልሶለታል አልኳት። ስታለቅስ ሰማኋት። እሱ ሶፋው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኝ ነበር።