ስለ ሸለቆው «ምናልባት» ያልኩበት ጠዋት

ከፊታችን ያለው ኮረብታ ስም አልነበረውም። ዛፍ ስላልነበረበት እኛ «ራሰ በራው» እንለው ነበር። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትእዛዝ ደረሰን፤ አንደኛው ሻምበል ጦር በግራው ሸለቆ ወጥቶ አናቱን ይያዝ የሚል። ከኤርትራ ጋር በተዋጋንበት ጊዜ ነው። እኔ ከፍኖተ ሰላም ትምህርቴን ጨርሼ የዘመትኩ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ከጦርነቱ በኋላ ነው።

አባቴ የማንኩሳ ቄስ ናቸው። «ሹምን የሚያከብር እግዚአብሔርን ያከብራል» እያሉ አሳደጉን። በእኛ አገር ለትልቅ ሰው ነገር የሚነገረው ቆሞ፣ ዓይንን ሰብሮ፣ ዙሪያውን ዞሮ ነው። ክፉ ወሬ ከሆነ ደግሞ ለስለስ ተደርጎ ይቀርባል። ጦር ሜዳ የሄድኩት ይህን ይዤ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቃኚያችን፣ የቡሬው አሥር አለቃ ሙላት፣ በሬዲዮ ጠራኝ።

«ሸለቆው አፍ ላይ ሁለት መትረየስ አለ። በዓይኔ አይቻለሁ። ለሻለቃው ንገሪ።»

«እሺ።»

«የቄስ ልጅ፣ ስሚኝ። ሚስት እንደሚጠይቅ ሽማግሌ አትዙሪበት።»

አዛዣችን ሻለቃው ካርታ ላይ አጎንብሰው ነበር።

«ጌታዬ፣ በግራው ሸለቆ ምናልባት ጠላት ሊኖር ይችላል ይላሉ፤ ቢፈቅዱ፣ ቢታይ» አልኩ። ዓይኔ ጫማቸው ላይ ነበር።

«ጦር ሜዳ አይደል ልጄ፣ ጠላት የትም ሊኖር ይችላል።»

ማን አየ ብለው አልጠየቁም። እኔም አልጨመርኩም።

አንድ ሰዓት ላይ ሻምበሉ ሸለቆው ውስጥ ገባ። ሁለቱም መትረየሶች ተከፈቱ። ተኩሱ ሃያ ደቂቃ ቆየ። የተረፉት ቁስለኛ እየጎተቱ ወጡ።

ሙላት መጣ። «ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?» አለኝ። ነገርኩት። «እኔ እኮ አይቻለሁ ነው ያልኩሽ» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሻለቃው ጠሩኝ። ሁለተኛው ሻምበል በዚያው ሸለቆ እንዲገባ ትእዛዝ እንዳስተላልፍ ነው። «ሁሉም ይጮህብኛል፤ ጨዋ አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ።

በእርሳቸው ተናደድኩ፤ ከዚያ የበለጠ በራሴ። ዓይናቸውን አየሁ።

«ጌታዬ፣ ጠዋት የነገርኩዎ ልክ አልነበረም። አሥር አለቃ ሙላት ሁለት መትረየስ በዓይኑ አይቷል። ምናልባት ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎም ማን አየ ብለው አልጠየቁኝም። መትረየሶቹ አሁንም እዚያው ናቸው። ሙላትን ሳያነጋግሩ ይህን ትእዛዝ ማስተላለፍ አልችልም።»

«ትእዛዝ እምቢ ያለ ምን እንደሚደርስበት ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ይቅጡኝ። አስቀድመው ግን እርሱን ይስሙት።»

«እርስዎ» ማለቴን ግን አልተውኩም።

ካርታውን ገፋ አደረጉ። ከዚያ «ሙላትን ጥሪው» አሉ።

ሙላትን ሰምተው ትእዛዙን ለወጡ፤ ሁለተኛው ሻምበል በቀኝ ዞሮ ከመትረየሶቹ ጀርባ ወጣ። አሥር ሰዓት ላይ ኮረብታውን ያዝን። ሁለት ሰው ቆሰለብን፤ የሞተ አልነበረም።

ሳይመሽ ጠዋት የወደቁትን አስከሬን ከሸለቆው አወጣን። አሥራ አራት ነበሩ። ሦስቱ የአገሬ፣ የሽንዲ ልጆች ናቸው። ስማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከእኔ በኋላ ለምትመጡት የምለው ትንሽ ነው። ሹምን አክብሩ፤ እኔም አከብራለሁ። ያን ጠዋት እውነቱን ያሳነስኩት ግን ለእግዚአብሔር ብዬ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን ጨዋነት ብለው ባመሰገኑኝ ሰው ላይ ንዴቴ ዛሬም አልበረደም። እሑድ በቅዳሴ ስለ ሹማምንት ሲጸለይ እርሳቸውንም አስባለሁ። ቀጥዬ አሥራ አራቱን በየስማቸው እጠራለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ቅዳሴው ጥሎኝ ይሄዳል።