መልስ የማትመልስ ልጅ

ግልፍተኛ ነኝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ በርበሬና ሽሮ በምሸጥበት ሱቅ አካባቢ፣ ይህን የማያውቅ የለም። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋና ዕቃ ከተወደደ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ገበያ ላይ የዋጥኩትን ንዴት ሁሉ ቤት ስገባ ሚስቴና ልጄ ላይ አወርደዋለሁ።

ሚስቴ አፍ አላት፣ ትመልስልኛለች። ልጄ ግን አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላት አንድም ቀን መልሳልኝ አታውቅም ነበር። "እሺ አባ" ትልና አንገቷን ትደፋለች። ሱዳን ተወልዳ፣ በዐረብኛ ተምራ፣ የጎንደር ጨዋ ወጣችልኝ እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ ጉራዬን እነዛ ነበር።

ትምህርት ቤቷ በጦርነቱ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ሲከፈት ጠባይዋ ተለወጠ። ቀድሞ ለመግሪብ ሶላት ሦስታችንም ግቢ ውስጥ፣ የውሃው በርሜል አጠገብ ነበር ውዱእ የምናደርገው። አሁን የውሃ ጆጉን ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባና በሩን ትቀረቅራለች። "ምን የሚሉት ኩራት ነው?" እያልኩ በሩን እደበድባለሁ። የተማሪ ልብሷም የቤት ልብሷም እጅጌው ረጅም ስለሆነ ማንም ምንም አላየም።

አንድ ቀን እጅጌዋ በውሃ ርሶ ወጣች። ሳትሰበስበው ታጥባ መሰለኝና "ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ውዱእ ነው?" ብዬ እጇን ይዤ እጅጌዋን ወደ ላይ ገፋሁት። ክንዷ ላይ አዲስም አሮጌም ቁስል ነበር።

ደሜ ፈላ። አንድ ሰው የነካብኝ መስሎኝ ጫማዬን አንስቼ ወደ ውጭ ልሮጥ ቃጣኝ። "ማነው? ስሙን ንገሪኝ!" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ ነኝ፣ አባ" አለች።

ጫማዬን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ እኔ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ጦርነቱ ከኻርቱም ያፈናቀላት ሱዳናዊት ናት። እስክጨርስ ሰማችኝና "እርስዎ ሲናደዱ ይጮሃሉ። እሷ ስትናደድ ንዴቷን የት ታድርገው?" አለችኝ። ልጄን በየሳምንቱ እየጠራች ልታነጋግራት ቃል ገባች። ከእኔ የጠየቀችው ጩኸቱን እንድቀንስና ልጄ ስትመልስልኝ እንዳልቆጣት ነበር። ቀላል መስሎኝ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ወር ያህል ቆይቶ፣ ምሳ ላይ፣ ሚስቴ ላይ እንደ ልማዴ ስጮህ ልጄ ብድግ አለች።

"ኻላስ! ኻላስ አባ! በቃ! አትጩህባት! እኔም ላይ አትጩህ!"

ድምጿ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። እናቷ ደንግጣ የራሷን አፍ በእጇ ያዘች። እጄ ሲነሳ ታወቀኝ። ያ ክንዷ ትዝ አለኝና እጄን ጭኔ ላይ መለስኩት። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ግን ደስም አለኝ፤ ንዴቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ወረወረችው።

"እሺ ልጄ" አልኳት። "ሌላስ?"

እያለቀሰች ቀጠለች። ብዙ ነበራት።